ቦታ፣ ቤትና ደንብ፦ ከጎንደር አዋጅ እስከ ዛሬው ካርታ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ከመድረሳችን ልጆች የአንዱ አባት ቀረብ አሉኝና ከደረት ኪሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። «ኡስታዝ፣ እስቲ ይህችን ያንብቡልኝ» አሉ። ወረቀቱ ከሚኖሩባት ከተማ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ የግቢያቸው የፊት አጥር ከይዞታቸው አልፎ ወደ መንገድ ስለወጣ እንዲያነሱት፤ ሁለተኛ፣ በጓሮ በኩል የሠሩት ክፍል በአዲሱ ፕላን ውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚያልፍበት ስለሆነ ለመልቀቅ እንዲዘጋጁ።

አንብቤ ስጨርስ ሰውየው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሸማ ሲሠራ ኖሮ በዚህ አገር አንዲት ጋት መሬት ሳትኖረው ነው የሞተው። እኔ አላህ ሰጥቶኝ አገኘሁ። አሁን ደግሞ አፍርስ እባላለሁ። ይህ ዙልም አይደለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ውድ አንባቢያን! ያን ምሽት ለእኚህ ሰው የተሟላ መልስ አልሰጠኋቸውም። ጥያቄያቸው ሁለት ጥያቄ ነበርና። አንዱ ስለ አንድ አጥርና ስለ አንድ ክፍል ነው። ሌላው ግን አባታቸው ለምን መሬት ሳይኖራቸው እንደሞቱ የሚጠይቅ የታሪክ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ሳይለያዩ ሲቀሩ ሰው ሐቁን ከጥፋቱ መለየት ይሳነዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በአገራችን «ማን፣ የት፣ ምን ሊሠራ ይችላል» የሚለው ደንብ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ፣ በተለይም በእኛ በምዕራብ ጎጃም ምን እንደሚመስል በአጭሩ እንመለከታለን። የአገራችንን ታሪክ ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የቀደምት ሙስሊሞችን ደግሞ በሒጅራ እንጽፋለን።

ሰፈር በአዋጅ ሲለይ

ስለ ከተማ ፕላን ሲወራ ብዙ ሰው ነገሩ በቅርብ ጊዜ ከውጭ የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን አንድ ወገን በአንድ ሰፈር፣ ሌላው በሌላ ሰፈር ብቻ እንዲኖር የሚያዝዝ ደንብ በአገራችን ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በጎንደር ዘመን አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በነገሡ ማግሥት፣ በ1660 ዓ.ም ግድም በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላም ውሳኔው ዳግም ጸና። ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ እንዲለዩ ተደረገ። የጎንደር ሙስሊሞች ከከተማው ዝቅ ብሎ በቀሃ ወንዝ በኩል ሰፈሩ። ሰፈሩ «እስላም ቤት» ይባል ነበር፤ በኋላም አዲስ ዓለም የሚለው ስም ጸናለት።

ከዚህ አዋጅ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ቦታን የሚመለከት ደንብ ሁልጊዜ ስለ ድንጋይና ስለ እንጨት ብቻ እንዳልሆነ ነው። ማን ከማን ጋር እንዲጎራበት፣ ማን ወደ መሐል ማንስ ወደ ዳር እንዲሆን የሚወስን ኃይል አለው። ሁለተኛው፣ ደንቡ ሰዎቹን አለማጥፋቱ ነው። ወደ ዳር የተገፉት ሙስሊሞች በዚያው ሰፈራቸው መስጂዳቸውን አቁመው፣ ልጆቻቸውን አቅርተው፣ የአገሪቱን የሩቅ ንግድ በእጃቸው ይዘው ኖሩ።

ርስት የሌለው ነጋዴ

ይህ ንግድ ወደ እኛ አገር ያመጣናል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአባይ ማዶ ከጉድሩና ከጊቤ አገሮች የሚመጣው ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ እውነቱን ላለመደበቅ ባሪያም ጭምር፣ አባይን ተሻግሮ በጎጃም ገበያዎች በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይሄድ ነበር። ከእነዚህ ገበያዎች ዋናው በደቡብ ጎጃም የነበረው የባሶ ገበያ ሲሆን፣ ቡሬም በዚሁ የንግድ መስመር ስሟ የታወቀ ነው። የዚህ ንግድ ባለቤቶች በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ። ከዚህም የተነሳ በብዙ ቦታ «ነጋዴ» ማለትና «እስላም» ማለት አንድ እስኪሆን ደረሰ።

ሙስሊሙ ነጋዴ የሆነው ግን ንግድን ከግብርና አስበልጦ ብቻ አልነበረም። በጎጃም የመሬት ሥርዓት ርስት ይባላል። ርስት ከአንድ ቀደምት አቅኚ አባት በእናትም በአባትም በኩል ተቆጥሮ የሚወረስ መብት ነው። የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ያስረዳ ሰው ከአያቶቹ መሬት ድርሻ ይጠይቃል፤ መቁጠር ያልቻለ ወይም እንዲቆጥር ያልተፈቀደለት ጭሰኛ ይሆናል። ሙስሊሙ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ቀጥቃጩ በአብዛኛው ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነበሩ። ሙስሊሙ የባለርስቱን መሬት በእኩል ወይም በሲሶ ያርስ ይሆናል እንጂ «የእኔ» የሚለው አልነበረውም። ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ (1870 ዓ.ም) በኋላ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲቀይሩ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ሲታዘዝ ደግሞ ነገሩ ከመሬት አልፎ የእምነት ሆነ። ብዙዎችም አገር ጥለው ተሰደዱ።

በዚያ ዘመን የተነገረና እስከ ቅርብ ጊዜ ሲነገር የኖረ አንድ አባባል አለ፤ «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚል። በአንድ አጭር አባባል ውስጥ የዘመናት የመሬት ሕግ ተጠቃሎ ይገኛል። የእኚያ አባት ወላጅ መሬት ሳይኖራቸው የሞቱት ሰነፍ ወይም አባካኝ ስለነበሩ አይደለም። ሥርዓቱ ለእጃቸው መወርወሪያና ሚዛን እንጂ ሞፈር አልፈቀደላትም ነበር።

ቃላድ የፈራው ባላገር

እዚህ ላይ ግን አንድ ሐቅ አብሮ ሊነገር ይገባል። ባለርስቱ ክርስቲያን ጎረቤታችንም ቢሆን ከመሬት ሥጋት ነፃ ሆኖ አልኖረም። በኅዳር 1960 ዓ.ም የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ «መሬታችን ሊለካ ነው፤ ከተለካ ርስታችን ይሄዳል» ብሎ ተነሣ። ዐመፁ በሞጣ፣ በቢቸናና በደጋ ዳሞት በረታ። ወታደር ዘምቶ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፤ የውዝፍ ግብርም ምሕረት ተደረገ።

ደጋ ዳሞት ዛሬ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ነው። ፍኖተ ሰላምም በዚያን ጊዜ የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ወጀት የምትባለው ይህች ስፍራ «የሰላም መንገድ» የሚል ስም ካገኘች ገና ብዙ አልቆየችም ነበር። በዚህ አገር መሬት መለካት ምን ያህል ፍርሃት እንደሚያሳድር የፍኖተ ሰላም ሰው በዓይኑ አይቷል። ገበሬው የፈራው ገመዱን አልነበረም። ከገመዱ በስተጀርባ ማን እንዳለና ከተለካ በኋላ መሬቱ በማን ስም እንደሚጻፍ አለማወቁ ነው። ይህ ፍርሃት ዛሬም ቀያሽ ችካል ተክሎ ሲሄድ በሰው ልብ ይመጣል። መድኃኒቱም ያኔም ዛሬም አንድ ነው፤ ልኬቱ በግልጽ እንዲደረግ፣ ባለይዞታውም የተጻፈውን እንዲያይና እንዲያውቅ ማድረግ።

ሁለቱ የ1967 አዋጆች

የመሬት ጥያቄ የሙስሊሙም ጥያቄ ሆኖ በይፋ የወጣው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ነው። በዚያ ቀን ብዙ ሺህ ሙስሊሞች፣ ፍትሕ የሚወዱ ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው፣ በአደባባይ ወጡ። ዒዶቻችን በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲከበሩ ከቀረበው ጥያቄ ጋር የመሬት ባለቤትነት ጥያቄም ቀርቦ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። አዋጁ የግል ባለቤትነትን ሻረ፣ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ በእጁ ለማረስ የፈለገ ሰው በጾታ ሳይለይ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ሊደርስ የሚችል መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። የዘር ቆጠራ ቀረና የገበሬ ማኅበር አባልነት መጣ። በጎጃም ገጠር ለሚኖረው ሙስሊም ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። «አገር የለው» የተባለው ሰው በስሙ ማሳ ያዘ። የደርግን ዘመን ግፍ የምናውቅ ሁሉ ይህንንም መካድ አይገባንም፤ ሐቅ ከማንም ቢመጣ ሐቅ ነውና።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ግን ከተሜውን ሙስሊም በሌላ መንገድ ነካው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑ ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። መሬት ስለማይፈቀድለት የንግድ ትርፉን በከተማ ቤት ላይ አውሎ የነበረ ነጋዴ፣ የሚያከራየውን ቤት በአንድ ሌሊት አጣ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ወንድማችን በገጠር ሲያገኝ ሌላው በከተማ አጣ። ከዚህ የምንማረው መሬትን የሚመለከት ሕግ ሲወጣ «ጠቀመን ወይስ ጎዳን» ብሎ በጅምላ መጠየቅ እንደማይበቃ ነው። የትኛውን ሰው፣ በየትኛው ቦታ፣ በምን ያህል እንደነካ መመርመር ያስፈልጋል።

ከድልድል ወደ ሊዝ

ከደርግ በኋላ በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። ነገር ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ቋሚ ንብረት የራሱ ነው፤ ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው ይችላል፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገውም ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ሊከፍል ይገባል ሲል ደነገገ። ይህ መለያየት ለማናችንም ግልጽ ሊሆን ይገባል። አፈሩ የወል ነው፤ ግድግዳው፣ ቆርቆሮው፣ ባሕር ዛፉና ቡናው የባለቤቱ ነው።

በገጠር በ1989 ዓ.ም በክልላችን የመሬት ድልድል ተደረገ። «ቢሮክራሲ» የሚል ስም የተለጠፈበት ሰው ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይኖረው ሲደረግ ለሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ተፈቀደ። መሬት የሌለው ወጣት መሬት ሲያገኝ ሌላው የለመደውን ማሳ ተነጠቀ። የዚያ ዘመን ቅሬታ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ዛሬም አልበረደም። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ግን ይዞታን መመዝገብና የይዞታ ደብተር መስጠት ተጀመረ። ደብተሩ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ የሚይዝ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ሴት ልጅ በሸሪዓ ድርሻዋ የተነገረላት ከ1400 ዓመት በፊት ነው። ዛሬ ስሟ በደብተር ሲጻፍ የሚከፋው ሙስሊም ባል ካለ ሃይማኖቱን መልሶ ይጠይቅ።

በከተማ ደግሞ የሊዝ ሥርዓት መጣ። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80 በ1986 ዓ.ም፣ ሁለተኛው ቁጥር 272 በ1994፣ ሦስተኛው ቁጥር 721 በ2004 ዓ.ም ወጡ። ሦስተኛው አዋጅ ለመኖሪያ ቤትና ለሃይማኖት ተቋማት የሊዝ ዘመኑን 99 ዓመት አደረገ። ለአምልኮ የሚሆን ቦታም በጨረታ ሳይሆን በምደባ እንዲሰጥ በር ከፈተ። በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ሲተላለፍ ነባርነቱ እንዲቀጥል፣ በሽያጭና በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ግን ወደ ሊዝ እንዲገባ ደነገገ። ያለ ፈቃድ የተያዙ፣ «ሰነድ አልባ» የሚባሉ ይዞታዎችም ከከተማው ፕላን ጋር የሚስማሙ ከሆነ ወደ ሕጋዊ መስመር የሚገቡበትን መንገድ ጠቆመ።

ከዚያም የፕላንና የግንባታ ሕጎች ተከተሉ። በ2000 ዓ.ም የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላን እንዲኖራቸው፣ ዘመኑም 10 ዓመት እንዲሆን አደረገ። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ተራ መኖሪያ ቤት በዝቅተኛው ምድብ ሲሆን፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ገባ። መስጂድ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ነውና ከዚሁ ይቆጠራል። ለመስጂድ ግንባታ ሶደቃ የምንሰበስብ ሰዎች ይህን ልናውቅ ይገባል። ኒያችን ያማረ ስለሆነ ብቻ ምሰሶ አይቆምም። ጁሙዓ ቀን መቶ ሰው የሚሰግድበትን ጣሪያ ያለ ባለሙያ ንድፍ ማቆም ተወኩል አይባልም፤ የሰው ነፍስ አማና ናትና።

አሁን እነዚህ ሕጎች በአካባቢያችን ምን እንደሚመስሉ እንመልከት። ፍኖተ ሰላምም ሆነች ቡሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ትልቅ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ከቡሬ ደግሞ አባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። የድሮው የነጋዴ መስመር ዛሬ የመኪና መስመር ሆነ ማለት ነው። መንገድ ባለበት ከተማ ይሰፋል፤ ከተማ ሲሰፋ የዳሩ ማሳ ወደ መሐል ይገባል። በቡሬ የተቋቋመው የተቀናጀ የግብርና ምርቶች ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ከ250 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ሲሆን፣ መሬቱ ገበሬ ያርሰው የነበረ ነው። በ1997 ዓ.ም የወጣው የማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን አሥር እጥፍ እንዲከፈለው ይል ነበር። ይህ አዋጅ በቁጥር 1161/2011 ሲተካ ስሌቱ ከፍ ብሎ አሥራ አምስት እጥፍ ሆነ። ቁጥሩ መሻሻሉ በራሱ የቀድሞው እንዳልበቃ ይመሰክራል።

ካሳው ቢከፈልም እንኳ ሌላ ችግር አለ። ገበሬ ማረስ እንጂ በአንድ ጊዜ የተሰጠውን ገንዘብ አዙሮ መኖር አልለመደም። ሌላው ደግሞ ከተማው ሳይደርስበት ብሎ ማሳውን እየሸነሸነ በውል አልባ ወረቀት ይሸጣል። ገዢውም በሌሊት ጭቃ ቤት ያቆማል። ሕዝቡ «ጨረቃ ቤት» የሚለው ይህ ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨረታውን የማይችል፣ ኪራይ ያስመረረው የልጆች አባት ነው። ቤቱ ሲፈርስ ግን የሻጩም የገዢውም ገንዘብ አብሮ ይፈርሳል። ደንብ የድሃውን አቅም ካልተመለከተ ድሃው ደንቡን በሌሊት ያልፈዋል። ይህንን ደንብ አውጪዎች ሊያስቡበት ይገባል።

የኩፋ ጎዳናዎችና የዐባስ ቤት

«ታዲያ ይህ ሁሉ ከሃይማኖታችን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ ብዙ ያገናኘዋል ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና በገቡ ጊዜ መስጂዳቸውን የሠሩበት ቦታ ሰህልና ሱሀይል የሚባሉ የሁለት የቲሞች ነበር። ልጆቹ በነፃ ሊሰጡ ቢፈልጉም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይከፍሉ አልወሰዱም። በዓለም ላይ ከመስጂድ የበለጠ የሕዝብ ጥቅም የለም፤ ለእርሱም ቢሆን የየቲም መሬት ያለ ዋጋ አልተያዘም። ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲጨቃጨቁም ሰባት ክንድ እንዲሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደፈረዱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የሰውን መሬት አንዲት ስንዝር እንኳ በግፍ የወሰደ ሰው በቂያም ቀን እስከ ሰባቱ ምድሮች ድረስ በአንገቱ እንደሚጠለቅለት አስጠንቅቀዋል። ይህን ሐዲስ ያስተላለፉት ሰዒድ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) አንዲት ሴት መሬቴን ወሰደብኝ ብላ በከሰሰቻቸው ጊዜ፣ ሐዲሱን እየሰማሁ እንዴት እወስዳለሁ ብለው ያለችውን ትተውላት ሄዱ።

በ17ኛው ዓመተ ሒጅራ በኢራቅ የኩፋ ከተማ ስትቆረቆር በኸሊፋው ዑመር ኢብን አል-ኸጣብ (ረ.ዐ.) ትእዛዝ ዋና ጎዳናዎቿ 40 ክንድ፣ ቀጥሎ ያሉት 30ና 20 ክንድ፣ ጠባብ መተላለፊያዎቿ 7 ክንድ እንዲሆኑ ተወስኖ እንደነበር ኢማም አጥ-ጠበሪ በታሪካቸው አስፍረዋል። የመስጂዱን ዙሪያ ባዶ ቦታ ለመለካት ብርቱ ቀስተኛ በየአቅጣጫው እንዲወረውር ተደርጎ፣ ቤቶች ፍላጻው ከወደቀበት አልፈው እንዲሠሩ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች የሸምበቆ ነበሩና እሳት በላቸው። ሰዎች በጡብ ለመሥራት ፈቃድ ሲጠይቁ ዑመር ፈቀዱ፤ ሆኖም ማንም ከሦስት ክፍል እንዳያበዛና በፎቅ እንዳይፎካከር አዘዙ። እንግዲህ የመንገድ ስፋት፣ የግንባታ ፈቃድና የከፍታ ልክ ማለት ይህ አይደለም ወይ? ሙስሊም ሆኖ «ፕላን የካፊር ሥራ ነው» የሚል ሰው የራሱን ታሪክ አላነበበም።

ነገር ግን እኚሁ ዑመር የመዲናን መስጂድ ሊያሰፉ ሲነሱ የነቢዩ አጎት የዐባስ (ረ.ዐ.) ቤት ከመንገዱ ላይ ተገኘ። ዐባስ አልሸጥም አሉ። ኸሊፋው ወታደር አልላኩም። ሁለቱም ወደ ኡበይ ኢብን ከዕብ (ረ.ዐ.) ለፍርድ ሄዱ፤ ኡበይም ለዐባስ ፈረዱ። ዑመር ፍርዱን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ዐባስ ሐቃቸው ከታወቀላቸው ዘንድ ቤቱን ለሙስሊሞች በሶደቃ ሰጡ ተብሎ ተዘግቧል።

ከእነዚህ ታሪኮች የሚወጣው ሚዛን ሁለት ጎን አለው። መንገድ የሁሉም ሐቅ ነው፤ ማንም በአጥሩ ሊያጠብበው አይፈቀድለትም። ቤትም የባለቤቱ ሐቅ ነው፤ ኸሊፋም ቢሆን ያለ ፍርድና ያለ ዋጋ አይወስደውም። ከጎንደሩ አዋጅ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የጎንደሩ ደንብ ሰውን በማንነቱ ለየ፤ የኩፋው ደንብ ለሁሉም ሰው አንድ ክንድ ለካ።

ለእኚያ አባት የተሰጠ መልስ

በማግሥቱ ከእኚያ አባት ጋር ቤታቸው ሄድን። ባለቤታቸው ከቁም ሣጥኑ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ የወረቀት ክምር አወጡልን። የይዞታ ካርታው፣ የዓመታት የግብር ደረሰኝና ሰውየው ጨርሶ የረሱት አንድ የግንባታ ፈቃድ ነበረበት። ካርታውን በሜትር አመሳከርነው። የፊት አጥሩ በእርግጥም ከይዞታው ወጥቶ ነበር። ከዓመታት በፊት ሌሎችም ሲያወጡ አይተው እርሳቸውም አውጥተውታል። የጓሮው ክፍል ግን በይዞታቸው ውስጥ ነው፤ የተሠራውም በፈቃድ ነው። የተለወጠው ፕላኑ እንጂ የእርሳቸው ወሰን አይደለም።

«ሐጂ፣ አጥሩ የእርስዎ ጥፋት ነው፤ ክፍሉ የእርስዎ ሐቅ ነው» አልኳቸው። ጥቂት አስበው «አጥሩን ራሴ አነሳለሁ፤ ለቂያማ የሚሆን ጋት መሬት አልፈልግም» አሉ። ለክፍሉ ደግሞ የፈቃዱን ቅጂ አያይዘው ካሳና ምትክ እንዲታሰብላቸው ለቅሬታ ሰሚው በጽሑፍ አመለከቱ። አጥሩ በሳምንቱ ተነሳ። የክፍሉ ጉዳይ ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ በመታየት ላይ ነው። ሁለቱን ቀላቅለው «ዙልም ነው» ብለው ቢጮኹ ኖሮ በአጥሩ ምክንያት የክፍሉም ሐቅ አይሰማላቸውም ነበር።

ውድ ወላጆች! አባቶቻችን መሬት ያልያዙት ተከልክለው ነው። እኛ ያገኘነውን የምናጣው ግን ብዙ ጊዜ በራሳችን ቸልተኝነት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን ረጅሙን አንቀጽ የሰጠው ስለ ዕዳ ውል መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑን እናውቃለን። ለብድር ይህን ያህል ከተባለ ለቤትና ለቦታ ምን ልንል ነው? ስለዚህ ስትገዙ የሻጩን ካርታና የከተማውን ፕላን ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። ስትሠሩ ፈቃድ አውጡ፤ ፈቃዱንም እንደ ካርታው ጠብቁት። የሰነዳችሁን ቅጂ ከቤታችሁ ውጭ በታማኝ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ፤ ግርግር ሲመጣ ወረቀት ከሰው በፊት ይጠፋልና። ቀያሽ ሲመጣ ከቤት አትጥፉ፤ ቁሙና ልኬቱን እዩ። አባት ሲሞት ወራሾች የሴቶቹን ድርሻ ሳይዘሉ በጊዜ ተከፋፍለው ያስመዝግቡ። የመስጂዱና የመቃብሩ ቦታም በአንድ ሽማግሌ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ አይቅር፤ በተቋሙ ስም ካርታ ይውጣለት።

ደንብ የሚያስፈጽሙ ወገኖቻችንም የዑመርን ፈለግ ያስታውሱ። ችካል ከመትከላቸው በፊት ባለቤቱን ይጥሩ፤ ከማፍረሳቸው በፊት ይስሙት፤ ከመውሰዳቸው በፊት ይክፈሉ። ባለሀብቱንም ድሃውንም በአንድ ሜትር ይለኩ።

የሰማይ ዓምድ የለሽነት ከአላህ ተዓምራት አንዱ ነው። የእስላም አገር የለሽነት ግን የሰው ሥራ ነበር፤ የሰው ሥራ ስለሆነም ተለወጠ። እንዳይመለስ መጠበቅ ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።